ጆን ፖስቴልና የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አድራሻ

ደብዳቤን ከተቀባዩ እጅ የሚያደርሰው በውስጡ የሰፈረው ቁም ነገር ሳይሆን በላዩ የተጻፈው አድራሻ ነው። በኮምፒዩተር መረብም ሕጉ ይኸው ሲሆን፣ ሥርዓት ካስያዙለት መሐንዲሶች መካከል ዶክተር ጆን ፖስቴል ግንባር ቀደም ነበሩ።

ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ፣ አልታዲና ተወለዱ። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1974 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1969 የአርፓኔት የመጀመሪያ ጣቢያ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ የመረቡን የአሠራር ሰነዶች የማረምና የማሳተም ኃላፊነት ተረክበውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠሩበት።

በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የባለቤቱን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለይ ምልክት በመካከል አስገብቶ አድራሻውን ቀላል አደረገው። ችግሩ ከምልክቱ በኋላ የሚመጣው ስም ነበር። የኮምፒዩተሮቹ ስም ሁሉ የሚመዘገበው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በሚጠበቅ አንድ ዝርዝር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ይህንኑ እየገለበጠ ይወስድ ነበር። መረቡ እየሰፋ ሲሄድ ዝርዝሩ ረዘመ፤ ቅጂውን ማደስም ሸክም ሆነ። በአንዳንድ መረቦችማ ላኪው ደብዳቤው የሚያልፍባቸውን ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ መዘርዘር ነበረበት።

ፖስቴል በ1982 የደብዳቤ ማመላለሻውን ደንብ ጻፉ። በዚህም መሠረት ላኪው ኮምፒዩተር ማንነቱን፣ ቀጥሎም የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ አስታውቆ መልእክቱን ያስረክባል። በ1983 ደግሞ ባልደረባቸው ፖል ሞካፔትሪስ፣ በእርሳቸው አሳሳቢነት፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን መዝገብ የሚጠብቅበትን የስሞች ተዋረድ ነደፈ።

የአገሮች መለያ ጉዳይ ግን ከቴክኒክ ያለፈ ነበር። የትኛው ግዛት አገር እንደሆነ መወሰን የመሐንዲስ ሥራ አይደለም ብለው ስላመኑ፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣውን ባለሁለት ፊደል ዝርዝር ተቀበሉ። የኢትዮጵያም መለያ የተገኘው ከዚሁ ነው። በ1994 ባወጡት ሰነድ የአገርን ስም የሚያስተዳድር ወገን ባለንብረት ሳይሆን ለሕዝቡ ባለአደራ መሆኑን ደነገጉ።

በጃንዋሪ 1998 ግን የዚህ ሥልጣን ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ገነነ። ፖስቴል የስምንት ዋና የስም መዝገብ ኮምፒዩተሮች ኃላፊዎች ቅጂውን ከመንግሥት ተዋዋዩ ኩባንያ ሳይሆን ከእርሳቸው ቢሮ እንዲወስዱ ጠየቁ፤ እነርሱም ታዘዙ። የአሜሪካ መንግሥት ሲቃወም ድርጊቱን ሙከራ ነው ብለው ወደ ቀድሞው መለሱት። መረቡ በአንድ ሰው ታማኝነት ላይ ምን ያህል ተደግፎ እንደቆየ የታየው ያን ጊዜ ነበር።

ሥራውን የሚረከበው አይካን የተባለው ድርጅት በሴፕቴምበር 1998 ተቋቋመ። ፖስቴል ግን በኦክቶበር 16 ቀን፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በደረሰባቸው ችግር፣ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። መዝገቡ ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ወደ ድርጅት ተሻገረ፤ የደብዳቤው ደንብም በተከታታይ እየታደሰ ዛሬም ይሠራበታል።