ሃሪ ፈርጉሰን፦ ማረሻንና ትራክተርን ያዋሐዱ የፈጠራ ሰው

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ወረዳዎች ትራክተር ገዝተው ወይም ተከራይተው የሚያርሱ አርሶ አደሮች ከመሣሪያው በስተኋላ ሦስት የማያያዣ ክንዶችን ያያሉ። ማረሻው የሚያያዘው፣ ከፍና ዝቅ የሚለውም በእነዚህ ክንዶች ነው። ይህን አሠራር ለዓለም ግብርና ያበረከቱት ሃሪ ፈርጉሰን ሲሆኑ፣ መነሻቸውም በሥራ ላይ ያሉ ትራክተሮችን መፈተሽ ነበር።

ፈርጉሰን በሰሜን አየርላንድ ዳውን አውራጃ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ኖቬምበር 4 ቀን 1884 ተወለዱ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1902 የአባታቸውን እርሻ ትተው በቤልፋስት ከተማ በወንድማቸው የጥገና ሥራ ገቡ። በ1909 መጨረሻ ራሳቸው በሠሩት አውሮፕላን በመብረር በአየርላንድ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

በ1917 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የምግብ እጥረት ባስከተለበት ወቅት፣ የአየርላንድ የግብርና ቦርድ በአገሪቱ ያሉ ትራክተሮች የተሻለ ውጤት እንዲሰጡ የማድረጉን ኃላፊነት ሰጣቸው። ፈርጉሰንም ከባልደረባቸው ከዊሊ ሳንድስ ጋር ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ መሣሪያዎቹን መረመሩ። በዚያ ዘመን ማረሻው እንደ ጋሪ ከኋላ ይጎተት ነበር። ጎማው እንዳይንሸራተት ሲባል ትራክተሩ እጅግ ከባድ ሆኖ ይሠራል፤ ክብደቱም አፈሩን ይጠቀጥቃል። ማረሻው ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ጊዜ ደግሞ የትራክተሩ ፊት ወደ ላይ ተነሥቶ በሾፌሩ ላይ ሊገለበጥ ይችል ነበር። በዚህ አደጋ ሕይወታቸውን ያጡ ጥቂቶች አልነበሩም።

ፈርጉሰን ከዚህ ፍተሻ የደረሱበት መደምደሚያ ትራክተርና ማረሻ አንድ አካል መሆን አለባቸው የሚል ነበር። የጎጃም አርሶ አደር ይህን ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም፤ ሞፈር ማረሻውን ከቀንበር ጋር ያስተሳስራል፤ ጥልቀቱንም የአራሹ እጅ በእርፉ ላይ ሆኖ ይቆጣጠራል። ፈርጉሰን በ1926 የፈጠራ መብት ባገኙበት ሥራቸው የሞፈሩን ድርሻ ለሦስቱ ክንዶች፣ የእጁን ድርሻ ለሃይድሮሊክ ኃይል ሰጡ። የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ግፊት ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚተላለፍ ቀላል ትራክተር እንደ ከባዱ መሳብ ቻለ፤ የመገልበጥ አደጋውም በእጅጉ ቀነሰ።

በዚህ አሠራር የተሠራው ትራክተር በ1936 ለገበያ ቀረበ። በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያለ ጽሑፍ ውል፣ በመጨባበጥ ብቻ ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመትም የጋራ ትራክተራቸው ወጣ። ስምምነቱ ከፈረሰ በኋላ የተነሣው ክርክር በ1952 ለፈርጉሰን 9.25 ሚሊዮን ዶላር በመክፈል ተቋጨ። ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ የተመረተው ትንሹ ግራጫ ትራክተራቸው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በ1953 ድርጅታቸው ከማሴ ሃሪስ ጋር ተዋሐደ፤ ማሴ ፈርጉሰን የሚለው ስምም የመጣው ከዚህ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን ኦክቶበር 25 ቀን 1960 አረፉ።

በእርሳቸው ዘመን የትራክተር ፍተሻም ከግለሰብ ጥረት ወደ ሕግ ተሸጋግሯል። በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት የሻጭ ማስታወቂያ ያታለላቸው ገበሬዎች ቅሬታ በ1919 ሕግ ሆኖ ወጣ። ናሙናው በዩኒቨርሲቲው ሳይፈተሽ ትራክተር እንዳይሸጥም ተከለከለ። የፎርድና የፈርጉሰን ትራክተርም በ1940 በዚሁ ፍተሻ አልፏል። ከ1959 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደንብ ወጥቶ፣ የመሳብ አቅምን፣ የማንሻ ኃይልንና በመገልበጥ ጊዜ ሾፌሩን የሚጠብቀውን መከላከያ ጥንካሬ ለመመዘን ያገለግላል።

ይህ ታሪክ ዛሬ ትራክተር ለመግዛት ለሚያስብ ተገልጋይም ይጠቅማል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በቆላ የሚሰጠውን የፈረስ ጉልበት በሙሉ እዚህ አይሰጥም። እርጥብ ጥቁር ዋልካ አፈርም ጎማን ያንሸራትታል። ስለሆነም ገዢ በወረቀት ላይ የሰፈረውን የፈረስ ጉልበት ብቻ ሳይመለከት የፍተሻ ውጤቱን መጠየቅ፣ የሾፌር መከላከያ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከተቻለም መሣሪያው ማረሻውን ይዞ በራሱ ማሳ ላይ ሲሠራ ማየት ይገባዋል። ፈርጉሰንም በ1917 የጀመሩት በዚሁ መንገድ ነበር።