የመነኮሳይቱን ሕመም ያስተዋለው ሐኪም

ሐኪም ቤት ገብታችሁ ሥራችሁ ምን እንደሆነ ከተጠየቃችሁ አንድ ጣሊያናዊ አመስግኑ፤ በርናርዲኖ ራማዚኒን። ከሥራ የሚመጡ በሽታዎች ሕክምና አባት ይሉታል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው በጡት ካንሰር ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ራማዚኒ በ1633 ካርፒ በምትባል ከተማ ተወለደ። ፓርማ ተምሮ በ1659 ተመረቀ። ሮም አካባቢ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ወባ ያዘውና ወደ ትውልድ ቀዬው ተመለሰ። ኋላ ሞዴና ገብቶ በ1682 የዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሆነ።

አንድ ቀን ቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊጠርግ የመጣ ሠራተኛ በጥድፊያ ሲሠራ አየና ምን እንደሚያስቸኩለው ጠየቀው። ሰውዬው እዚያ ውስጥ ከቆየ ዓይኑን እንደሚያቃጥለው፣ ቶሎ ወጥቶ ጨለማ ቤት ካላረፈ ሊታወር እንደሚችል ነገረው። ራማዚኒ ከተማውን ሲያጣራ እውነትም በዚሁ ሥራ ዓይናቸው የጠፋ ለማኞች አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሁሉ የታማሚውን ሥራ እንዲጠይቅ አጥብቆ አሳሰበ። ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈው መጽሐፍም በ1700 ታተመ።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማዕድን ቆፋሪው አለ፣ ሸክላ ሠሪዋ አለች፣ የሰው ልጅ በክፍያ የምታጠባ ሴትም አለች። ስለ አጥቢዎች ሲጽፍ ታዲያ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ የጡት ካንሰር በሴት መነኮሳት ላይ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ ይበዛል። እነዚህ ሴቶች አላገቡም፣ አልወለዱም፣ አላጠቡም። ራማዚኒ ምክንያቱን በማህፀንና በጡት መካከል አለ ባለው ስውር ትስስር አስረዳ። ሆርሞን የሚባል ቃል ገና አልተፈጠረም፤ ያስተዋለው ነገር ግን ትክክል ነበር። እሱ በስተርጅና ዓይኑ ደክሞ፣ እስከ መጨረሻው ፓዱዋ ላይ እያስተማረ በ1714 አረፈ።

ነገሩ ኋላ በቁጥር ተፈተሸ። በ1926 እንግሊዛዊቷ ሐኪም ጃኔት ሌን ክሌይፖን 500 ታማሚዎችን ካንሰር ከሌለባቸው 500 ሴቶች ጋር አነጻጽራ የልጅ ቁጥር፣ የትዳር ዕድሜና ጡት ማጥባት ልዩነት እንዳላቸው አሳየች። በ2002 ደግሞ ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ እያንዳንዱ ወሊድ አደጋውን በ7 በመቶ፣ እያንዳንዱ 12 ወር ጡት ማጥባት ደግሞ በ4.3 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታየ። እርግዝናና ማጥባት የጡት ሕዋሳትን ያበስላሉ፣ የወር አበባ ዑደትንም ያሳንሳሉ።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ይህ ቁጥር የብዙ ሺህ ሴቶች ድምር እንጂ የአንዲት ሴት ዕጣ አይደለም። ካልወለዱት አብዛኞቹ አይታመሙም፤ ስድስት ወልዳ ሁሉንም ያጠባችም ልትታመም ትችላለች። እንዲያውም ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አደጋው በመጠኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ የታመመችን ሴት ባለመውለድሽ ነው ማለት ሳይንስም አይደለም፣ ደግነትም አይደለም። የምታጠባ እናትም ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ወተት ቋጥሮ ነው ብላ ወራት መጠበቅ የለባትም።

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎችም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ራማዚኒ የዓይነ ስውራኑን ነገር ያወቀው ሠራተኛውን ስለጠየቀው ነው። እናታችሁን፣ እህታችሁን፣ አክስታችሁን ጠይቁ፦ እብጠት አለ ወይ? የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም አለ ወይ? ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ አብራችኋት ሂዱ።