ስደተኛዋ ነርስ፣ ልዕልት ፀሐይ

ባለፈው አርብ እጄ በበረኪና ተልጦ አይታችሁ አዝናችሁልኛል። እዚህ ጂዛን ያከመችኝ ነርስ ቁስሉን አሽጋ ብቻ አልሸኘችኝም። በምን እንደማጸዳ፣ ጓንት ይሰጡኝ እንደሆነ፣ መስኮት ከፍቼ እንደምሠራ ጠየቀችኝ። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ሲቀላቀሉ መርዛም ጋዝ እንደሚወጣም ነገረችኝ። የሥራ ላይ ጤና ነርስ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ግን የምትገኘው ፋብሪካ ነው፣ እኛ የምንሠራበት ቤት አትመጣም።

እኔ ነርስ ሲባል ትዝ የሚሉኝ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በ1912 ዓ.ም. የተወለዱ። በ1928 ጣልያን ሲገባ ከአባታቸው ጋር እንግሊዝ ተሰደዱ። የንጉሥ ልጅ ነኝ ብለው አልተቀመጡም፤ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ሦስት ዓመት ተማሩ። የዚያን ጊዜ የነርስ ተማሪ አልጋ ታነጥፋለች፣ የበሽተኛ ዕቃ ታጥባለች፣ ሌሊት ታድራለች፤ ያው የኛው ሥራ! በ1931 ፈተናውን አልፈው የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። በዚህ ሳይበቃቸው ጋይስ ሆስፒታል ገብተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

በ1933 አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ። ሚያዝያ 1934 አገቡ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ በእርግዝና ምክንያት በደረሰባቸው ችግር ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር፤ ስንቱን አድናለሁ ብለው የተማሩ ሰው! አዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶችም ተማሩበት። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው።