በጨለማ ክፍል የተጀመረው መጽሐፍ

ዛሬ የማቀርብላችሁ በ1816 እ.ኤ.አ. የተወለደችውን የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የሻርሎት ብሮንቴን ታሪክ ነው። ሻርሎት የቄስ ልጅ ነበረች። በ1846 ከሁለት እህቶቿ ጋር በራሳቸው ገንዘብ የግጥም መጽሐፍ አሳተሙ። በአንድ ዓመት የተሸጠው ግን ሁለት ፍሬ ብቻ ነው!

ነሐሴ ላይ ደግሞ አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረዳቸው ለኦፕራሲዮን ማንቸስተር ወሰደቻቸው። ያኔ ማደንዘዣ ገና አልተለመደም ነበር። በዚያው ቀን የጻፈችው ልብ ወለድ አናሳትምም ተብሎ ተመለሰላት። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሷ ግን አባቷን በጨለማ ክፍል እያስታመመች ጄን ኤር የተባለውን የፍቅር ልብ ወለድ ጀመረች።

የአባቷም ዓይን በራ፤ ማንበብ ቻሉ። ጄን ኤርም በ1847 ታትሞ በጣም ተወደደ። ሻርሎት በ1855 ብትሞትም መጽሐፏ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እኛስ አንድ ፈተና ስንወድቅ ለምንድነው ደብተር የምንወረውረው?

ከ7ኛ ክፍል