ጃንሆይ፣ ግቢያችንና ክፍያው
ጃንሆይ በ1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በ1917፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ከፈቱ፤ ከነገሡም በኋላ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለዓመታት ለራሳቸው ያዙት። በ1943 የተመረቀው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪውን አያስከፍልም ነበር። በ1954 ደግሞ የዛሬውን ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን፣ ሰጡ። በነፃ ያስተማሯቸው ልጆች መሬት ላራሹ ብለው ተነሡባቸው፤ በ1967 መስከረም ላይ ወረዱ፣ ነሐሴ ላይ አረፉ።

ያ ነፃ ትምህርት ግን ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሩቅ ነበር፤ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርስ ልጅ ስንት ነው? እኛ ደረስን፣ በ1996 የተጀመረውን የወጪ መጋራት ውል ፈርመን። አሁን ወልቂጤ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኖ በክፍያም ይቀበላል። ቡታጅራ የማክማቸው እናቶች የልጃቸውን ውጤት ነግረውኝ ሳይጨርሱ፣ ክፍያው ስንት ነው ይሉኛል።