አባ ሙሴ ጸሊም፡ ኀፍረቱን ተሸክሞ ወደ ገዳም የመጣው አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የምታስበው አባታችን አባ ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረ ኢትዮጵያዊ አባት ነው። ስሙን የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው፤ ሽፍታ እንደ ነበረ፣ በኋላም ቅዱስ እንደ ሆነ በስብከት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ነገር ግን ታሪኩን ስንናገር ከሽፍትነቱ ወደ ቅድስናው በአንድ ትንፋሽ እንሻገርና በመካከል ያለውን ረጅም መንገድ እንዘነጋዋለን። አባ ሙሴ በገዳሙ ደጅ ከቆመበት ቀን አንሥቶ አክሊለ ሰማዕትን እስከ ተቀበለበት ቀን ድረስ የቀድሞ ኃጢአቱን ኀፍረት፣ የሥጋውን ፈተናና የሰዎችን ንቀት ተሸክሞ ተጉዟል። ዛሬም በኀፍረት ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ብዙ ወገኖች አሉንና በዚህ ጽሑፍ በተለይ ያንን መንገድ እንመለከታለን።

ከጌታው ቤት የተባረረው ሎሌ

ሙሴ በወጣትነቱ በግብፅ የአንድ ባለ ሥልጣን አገልጋይ ነበረ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ጉልበቱ ብርቱ፣ ጠባዩም አስቸጋሪ ስለ ነበረ ጌታው ሌብነቱንና ክፋቱን መታገሥ አቅቶት ከቤቱ አባረረው። ከዚያ በኋላ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። የበረሃውን አባቶች ዜና የጻፈው ጳላድዮስ፣ ሙሴ ነፍስ እስከ ማጥፋት ደርሶ እንደ ነበረ ይወራ እንደ ነበር መዝግቦልናል።

ይኸው ጸሐፊ ስለ ሙሴ የቀድሞ ሕይወት አንድ ታሪክ ይተርካል። አንድ ሌሊት የአንድ እረኛ ውሾች ለዝርፊያ በወጣበት መንገድ እንቅፋት ሆኑበት። ሙሴም በእረኛው ላይ ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን ባወቀ ጊዜ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ በዋና ተሻገረ። እረኛው ግን አስቀድሞ አይቶት ስለ ነበረ በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ተሰወረ። ሙሴ ሰውየውን ቢያጣው ከመንጋው አራት የሰቡ በጎች መርጦ አረደ፤ በገመድም አስሮ እየጎተተ ወንዙን ዳግመኛ ዋኘው። ከሥጋው የሚሻለውን በላ፤ ቆዳውን ሸጦ ወይን ጠጅ ጠጣበት። አንድን ሰው ለመግደል ይህን ያህል የደከመ ጉልበት በኋላ በምን ሥራ ላይ እንደ ዋለ ወደ ፊት እናየዋለን።

የማያውቀውን አምላክ የጠራ ሰው

መጽሐፈ ስንክሳር እንደሚነግረን ሙሴ በዚያ ዘመን ፀሐይን ያመልክ ነበር። ነገር ግን ልቡ አላረፈም። ወደ ፀሐይ አንጋጦ አምላክ ከሆነች እንድትነግረው ይጠይቅ፣ የማያውቀውንም አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት ይለምን ነበር። በአስቄጥስ በረሃ የሚኖሩ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ በሰማ ጊዜም ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደዚያው ገሠገሠ።

በመጀመሪያ ያገኘው አባ ኤስድሮስን ነው። አረጋዊው የሰውየውን ግርማ ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ሙሴ ግን የመጣው እግዚአብሔርን እንዲያሳውቁት እንደ ሆነ ነገረው። አባ ኤስድሮስ ደጁን አልዘጋበትም። ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ወሰደው፤ እርሱም ሃይማኖትን አስተምሮ አጠመቀው።

ሙሴ ኃጢአቱን የተናዘዘው በሰዎች ፊት እንደ ነበረ ትውፊት ይናገራል። የሚያሳፍረውን ሁሉ እያነባ ሲዘረዝር አባ መቃርስ በራእይ በጥቁር ጽሑፍ የተሞላ ሰሌዳ የያዘ መልአክ ተመለከተ። ሙሴ አንዱን በደል ተናግሮ በጨረሰ ቁጥር መልአኩ ያንኑ ከሰሌዳው ይፍቅ ነበር፤ ኑዛዜው ሲፈጸም ሰሌዳው ነጭ ሆነ። በሰው ፊት መናገሩ ትልቅ ኀፍረት ነበር፤ ያ ኀፍረት ግን በዚያው ሰዓት ከሰማይ መዝገብ እየተፋቀ ነበር።

የለመደውን ኃይል ለበጎ

ከመነኮሰ በኋላ አራት ሌቦች ማንነቱን ሳያውቁ ወደ በአቱ ገቡበት። ሙሴ አራቱንም በአንድነት አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸከማቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። እርሱ ሰውን መጉዳት ስለማይገባው ምን ቢደረግባቸው እንደሚሻል አባቶችን ጠየቀ። ሌቦቹ ያሰራቸው ያ ስሙ የታወቀው ወንበዴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ እነርሱም ዓለምን ትተው መነኮሱ። ቀድሞ ሰውን ለመግደል ወንዝ የዋኘው ጉልበት አሁን አራት ነፍሳትን ተሸክሞ ወደ እግዚአብሔር ቤት አደረሰ።

የሌሊቱ ተጋድሎ

ይሁን እንጂ መጠመቅና መመንኮስ የውስጡን ጦርነት ወዲያውኑ አላቆሙለትም። የቀድሞ ልማዱ በሌሊት በሕልም፣ በቀን በሐሳብ ይዋጋው ጀመር። ፈተናው ከመክበዱ የተነሣ ከምንኩስናው ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ ጳላድዮስ ጽፏል። ሙሴ ግን ይህንን በልቡ ቀብሮ አላስቀመጠም፤ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ነገረው። አረጋዊውም ውሻ በሥጋ ሻጭ ደጃፍ መመላለስ እንደሚለምድ፣ ደጁ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ግን ተስፋ ቆርጦ እንደሚሄድ እያስረዳ አጽናናው።

በሌላ ጊዜም ፈተናው ስለ ጸናበት ወደ በአቱ መመለስ እንዳቃተው ተናገረ። አባ ኤስድሮስ ወደ ሰገነት አወጣው። በምዕራብ በኩል ለጦርነት የሚታወኩ እልፍ አጋንንትን፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቍጥር የሌላቸው የብርሃን መላእክትን አሳየው። ለሚጋደሉት የሚረዱት ከሚዋጓቸው ይልቅ እንደሚበዙ አስገንዝቦ በደስታ ሰደደው።

ሙሴ ጾምን አበዛ፤ ለስድስት ዓመታት ሌሊቱን በበአቱ መካከል ቆሞ ሲጸልይ ዓይኑን ሳይከድን ያነጋ ነበር። ይህም አልበቃ ሲለው በሌሊት እየተነሣ ወደ ደከሙት አረጋውያን በአት ይሄድ፣ ሳያዩት እንስራቸውን ወስዶ ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ እየቀዳ ይሞላላቸው ጀመር። ሰይጣን በዚህ ቀንቶ፣ አንድ ሌሊት ከጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ባለበት ወገቡን በዱላ መታው። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ አንድ ወንድም ወድቆ አገኘው። ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት፤ ኃይሉ እስኪመለስለትም አንድ ዓመት ታመመ።

በዚህ ጊዜ አባ ኤስድሮስ የነገረውን ቃል የታሪኩ ሁሉ ልብ ልንለው እንችላለን። ተጋድሎም ልክ እንዳለው፣ ከእንግዲህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ያ ክፉ ሕልም እንደማይመለስበት አበሠረው። ሳይፈራ ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀርብም አዘዘው። ፈተናው ይህን ያህል የቆየበትም ፍትወትን በገዛ ድካሜ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ መሆኑን ገለጠለት። እንግዲህ ስድስት ዓመት የቆመው ሙሴ ነጻ የወጣው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ተጋድሎው ከንቱ አልሆነም፤ እጁን ዘርግቶ ጸጋን መጠበቅ ነበርና።

ንቀትን የታገሠ ካህን

እግዚአብሔር የመረጠውን ሰው ሰዎችም አከበሩት፤ ሙሴ ለቅስና ተመረጠ። ሊቀ ጳጳሱ ነጭ ልብሰ ክህነት ካለበሰው በኋላ ትዕግሥቱን ሊፈትን ወዶ፣ ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያባርሩት ካህናቱን አዘዘ። እነርሱም የቆዳውን ጥቁረት እየጠቀሱ ሰድበው አስወጡት። ሙሴ ራሱን እየወቀሰ በዝምታ ወጣ።

በሌላም ቀን በአባቶች ጉባኤ መካከል እንዲሁ በመልኩ ተነቀፈ። ጉባኤው ሲበተን ነገሩ አላስቆጣውም እንደ ሆነ ጠየቁት። ሙሴ ልቡ መታወኩን፣ አንደበቱ ግን ዝም ማለቱን ሳይደብቅ መለሰ። ይህ እውነተኛነቱ እጅግ ያጽናናናል። ቅዱሳን ስድብ የማይሰማቸው ድንጋዮች አልነበሩም፤ የተሰማቸውን ሕመም ወደ በቀል አልለወጡትም እንጂ። የናቁት ሰዎች ከእግዚአብሔር ዘንድ ያገኘውን ክብር ሊወስዱበት እንደማይችሉ ሙሴ ያውቅ ነበር።

የሚያፈስ እንስራ

በአስቄጥስ አንድ ወንድም በድሎ ጉባኤ ተሰበሰበበት። አባ ሙሴ ተጠርቶ አልሄድም አለ። አባቶች እየጠበቁት መሆኑን ደግሞ በላኩበት ጊዜ የተቀደደ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። አባቶች ሊቀበሉት ወጥተው ከኋላው የሚፈሰውን ውኃ ባዩ ጊዜ ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱም የራሱ ኃጢአት ከኋላው እንዲህ ሲፈስ ሳያየው በወንድሙ ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ያን ወንድም ምንም ሳይሉት ይቅር አሉት።

አባ ሙሴ የቀድሞ ሕይወቱን አልረሳም፤ ሊያስረሳም አልሞከረም። ኀፍረቱ ግን ከእግዚአብሔር የሚያሸሸው መሆኑ ቀርቶ ለወደቀው ወንድሙ የሚራራበት ምክንያት ሆነ። ይቅር የተባለ ሰው ይቅርታን ለሌላው ማካፈሉ ጸጋ በእርሱ ዘንድ መሥራቱን ያሳያል።

የሚጠብቀው ቀን

አባ ሙሴ ለብዙዎች አባት ሆነ፤ በ75 ዓመቱ ሲያርፍ 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ እንደ ነበረ ጳላድዮስ ጽፏል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በርበሮች ወደ አስቄጥስ መምጣታቸው ባወቀ ጊዜ ወንድሞችን እንዲሸሹ መከራቸው። እርሱ ራሱ ለምን እንደማይሸሽ ሲጠይቁት፣ ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንዲጠፋ ጌታ የተናገረውን አስታውሶ ያን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቀው እንደ ኖረ ነገራቸው። በጥርሱ ሰይፍ ነክሶ ወንዝ የተሻገረው ሰው፣ አሁን ሰይፍ ሳያነሣ በበአቱ ተቀመጠ። ወንድሞችም ሊለዩት ስላልወደዱ አብረውት ቆዩ። አንዱ ግን ፈርቶ ተሸሸገ፤ መልአክ አክሊል ይዞ ሲጠብቅ ባየ ጊዜ ከተሸሸገበት ወጥቶ ከእነርሱ ጋር ተሰየፈ። የአባ ሙሴ ቅዱስ ዐፅም ዛሬም በግብፅ በበራሙስ ገዳም ከንስሓ አባቱ ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር በክብር ይገኛል።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች!

በአገልግሎታችን ከደጀ ሰላም ውጭ ቆመው፣ ግንቡን ተሳልመው የሚመለሱ ወገኖችን እናያለን። አንዱ በሱስ፣ አንዱ በእስር፣ አንዷ በስደት በደረሰባት በደል ምክንያት መግባት የማይገባቸው ይመስላቸዋል። ተበድላ የምታፍረው እኅታችን የሌላውን ሰው ኃጢአት ተሸክማ እንደ ራሷ በደል ልትቆጥረው አይገባትም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ለመጽናናትና ለመፈወስ ነው። በድሎ የሚያፍረውም ወንድማችን አባ ሙሴን ይመልከት። ሙሴ ሰይፉን እንደ ታጠቀ መጣ፤ ከነጻ በኋላ ልምጣ አላለም። ደግሞም በወደቀበት ሐሳብ ሁሉ ወደ ንስሓ አባቱ መመለስን አላፈረበትም።

ቀድመን የገባነውም ታላቅ አደራ አለብን። አባ ኤስድሮስ ደንግጦ ደጁን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሙሴን የሚያህል አባት ባጣን ነበር። ስለዚህ የተመለሰውን ሰው የኋላ ታሪኩን እየጠቀስን አንንሾካሾክበት። ከኋላችን የሚፈሰውን የራሳችንን እንስራ እያሰብን በፍቅር እንቀበለው፤ እጁን ይዘንም ወደ ካህኑ እናድርሰው።

የአባታችን የአባ ሙሴ ጸሊም ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።