ሚኒሞ ያልያዘው ሞተርና ዊልሄልም ማይባህ

ባለፈው ሴሚስተር በዎርክሾፓችን ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ አንድ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ ተሰጠን። አሮጌ ነው፤ የታንከሩ ቀለም ተልጦ ስሙ እንኳ አይነበብም። መምህራችን የሰጡን ሥራ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሚኒሞ እንዲይዝ ማድረግ ብቻ። ሞተሩ ይነሳል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይጮኻል፣ እጅ ሲለቁለት ግን ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጮ ድርግም ይላል። ከሦስታችን አንዱ ይህን ኮርስ የሚወስደው ለሁለተኛ ጊዜ ስለነበር ነገሩ ለእሱ ቀልድ አልነበረም። ስለ ካርቡሬተር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ዊልሄልም ማይባህ ላይ የደረስኩት በዚያ ሰሞን ነው። እስከዚያ ድረስ ማይባህን የማውቀው የሀብታሞች መኪና ስም አድርጌ ነበር።

ማይባህ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 በደቡብ ጀርመን፣ በሃይልብሮን ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። እናቱ በ1854 ሞተች፣ በ1856 ደግሞ አባቱ። አሥር ዓመቱ ላይ ወላጅ አልባ ሆነ ማለት ነው። ጉስታቭ ቬርነር የተባለ የሃይማኖት ሰው ሮይትሊንገን ከተማ ውስጥ ባቋቋመው የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ገባና እዚያው አደገ። ይህ ቤት ልጆቹን አብልቶ ማሳደር ብቻ ሳይሆን የራሱ ወርክሾፖች ነበሩት። ማይባህም በልጅነቱ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በ1860ዎቹ ዓመታት ወርክሾፑን እንዲመራ ጎትሊብ ዳይምለር የሚባል ኢንጂነር ተቀጠረ፤ ከማይባህ በ12 ዓመት ይበልጣል። ልጁን ዓይቶ ወደደው። ከዚያ በኋላ ዳይምለር ወደ ካርልስሩሄ ሲሄድ ማይባህ ተከተለ፣ በ1872 ኮሎኝ አጠገብ ወዳለው የዶይትዝ ፋብሪካ ሲዛወርም እንዲሁ። እኔን ያስገረመኝ ይሄ መከተሉ ነው። ዕድሜ ልኩን ከሌላ ሰው ስም ጀርባ የቆመ ሰው ነው።

ዶይትዝ የኒኮላውስ ኦቶና የኦይገን ላንገን ፋብሪካ ነው። ክፍል ውስጥ የምንማረው ባለ አራት ምት ሞተር በ1876 የወጣው ከዚያ ሲሆን፣ የንድፍ ክፍሉን ይመራ የነበረው ማይባህ ለምርት እንዲበቃ ብዙ ደክሞበታል። ሞተሩ ግን ትልቅ፣ ከባድና ከወለል ጋር የታሰረ ነበር፤ በደቂቃ 200 ዙር እንኳ አይሞላም። ዳይምለር ከኦቶ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በ1882 ፋብሪካውን ለቀቀና በካንሽታት ከተማ ቤት ገዛ። ማይባህ አሁንም ተከተለው። ሁለቱ በግቢው ውስጥ ያለውን የአትክልት መስታወት ቤት ወርክሾፕ አድርገው በር ዘግተው ይሠሩ ጀመር። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ፦ ቀንም ሌሊትም የብረት ድምፅ የሚሰማው አትክልተኛ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትሙ መስሎት ለፖሊስ ነገረ። ፖሊሶች ገብተው ሲፈትሹ ያገኙት ሞተር ብቻ ነው።

ያ ሞተር በ1885 ባለ 264 ሲሲ፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 600 ዙር ገደማ የሚዞር ሆኖ ወጣ። የእንጨት ፍሬም ላይ፣ ከሁለት ዋና ጎማዎችና ከሁለት ትንንሽ ደጋፊ ጎማዎች ጋር ገጠሙት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከካንሽታት እስከ ኡንተርቱርክሃይም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተነዳ። ኮርቻው ከሞተሩ በላይ በመሆኑ ነጂው ከታች ሙቀቱን ይቀበላል። እንግዲህ የዛሬው ሞተር ሳይክል ሁሉ አያት ይህ ነው። ዋናው ዕቃ በ1903 የካንሽታት ፋብሪካ ሲቃጠል አብሮ ጠፍቷል።

ካርቡሬተሩ ግን አስቸጋሪ ነበር። አየሩ ቤንዚን በያዘ ዕቃ በኩል አልፎ ተን ይዞ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ቤንዚን ደግሞ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ቀላሉ ክፍል መጀመሪያ ተንኖ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ስለዚህ ድብልቁ ሲነሳ አንድ ዓይነት፣ ቆይቶ ሌላ ዓይነት ነው። ብርድና ሙቀትም ይለውጠዋል።

ይህን ሳነብ የእኛ ሞተር ታወሰኝ። እኛ በደንቡ መሠረት ከካንዴላ ጀመርን፤ በአዲስ ብንቀይረው ለውጥ የለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹን ክፍተት ለካን፤ አንዱ ጠብቆ ስለነበር አስተካከልነው፣ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም። ከዚያ አንዱ ጓደኛዬ ቾኩን ግማሽ ሳበው። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሚኒሞ ያዘ! ቾኩን ሲመልሰው ጠፋ። ቾክ አየር ቀንሶ ነዳጁን ያበዛል፤ ስለዚህ ሞተራችን የጎደለው ነዳጅ ነው፣ ወይም ከሆነ ቦታ ትርፍ አየር ይገባል። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መሐል ባለው ጎማ ዙሪያ፣ ከጋለው ማርሚታ ራቅ አድርገን፣ ጥቂት የካርቡሬተር ማጽጃ ነፋን። ድምፁ አልተለወጠም፤ የአየር ልቀት የለም። የቀረው ካርቡሬተሩን መፍታት ነው።

ማይባህ መፍትሔውን ያገኘው ከተገፋ በኋላ ነው። በ1890 የዳይምለር ኩባንያ በአክሲዮን ሲቋቋም ሥልጣኑ ወደ ባለ ገንዘቦቹ ሄደ። ለማይባህ ያቀረቡለት ውል የሚቀበለው ስላልነበር በ1891 ለቀቀ። ዳይምለር በድብቅ እየደገፈው በካንሽታት በአንድ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። በ1893 ነዳጅ የሚረጨው ካርቡሬተር ከዚያ አዳራሽ ወጣ። ተንሳፋፊ የነዳጁን ከፍታ ይጠብቃል፤ አየሩ በጠባብ ቦታ ሲፈጥን ነዳጁን በቀጭን ቀዳዳ ስቦ ይረጨዋል። ተን መጠበቅ ቀረ። ለሀቁ፣ ሃንጋሪያውያኑ ባንኪና ቾንካ በዚያው ዓመት ጥቂት ወራት ቀድመው ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግበዋል፤ መጽሐፎቻችን ግን እነሱን ብዙ አያነሱም።

የእሱም ካርቡሬተር ጉድለት ነበረበት። ጋዙ ሲዘጋ የአየሩ ፍጥነት ስለሚወድቅ ዋናው ቀዳዳ ነዳጅ አይስብም። ለዚህ ነው በኋላ የመጡ ሰዎች ለሚኒሞ ብቻ ሌላ ትንሽ ጂግለር የጨመሩት። የእኛን ሞተር ያን ጂግለር ፈትቼ ወደ መብራት ባየው ብርሃን አያሳልፍም። ለዓመታት በቆመ ቤንዚን ውስጥ ቀላሉ ክፍል ተንኖ፣ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ያው የ1885ቱ ጣጣ ነው እኮ! በብረት ሽቦ ልወጋው ስል የዎርክሾፑ ቴክኒሺያን እጄን ያዙኝ፤ ሽቦው ቀዳዳውን ካሰፋው ልኩ ይበላሻል፣ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ በትርፍ ነዳጅ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በማጽጃ ዘፍዝፈን በኮምፕሬሰር ነፋነው። የአየር ማስተካከያዋን ብሎን በቀስታ እስከ መጨረሻ ዘግተን አንድ ዙር ተኩል ከፈትናት፤ ልኩ እንደየሞተሩ ይለያያል። አሮጌውን ቤንዚንም ደፋነው።

ማይባህ በ1895 ወደ ኩባንያው ተመለሰ። ዳይምለር በ1900 ሞተ፤ ማይባህም በዚያው ዓመት ኤሚል ዬሊኔክ ያዘዘውንና በልጁ በሜርሴዴስ ስም የተጠራውን መኪና ንድፍ ሠራ። መኪናው በ1901 በኒስ ውድድሮች ሌሎቹን ጥሎ ሄደ፤ ፈረንሳዮችም ማይባህን የንድፍ ንጉሥ እስከማለት ደረሱ። የሚመክትለት ዳይምለር ግን የለም። ቀስ በቀስ ከዋናው ሥራ ተገለለና በ1907 ለሁለተኛ ጊዜ ለቀቀ፤ 61 ዓመቱ ነበር። እኔ ብሆን እዚያ ላይ ጡረታ እወጣ ነበር። እሱ በ1909 ከልጁ ከካርል ጋር ለዜፔሊን አየር መርከቦች ሞተር የሚሠራ ኩባንያ መሠረተ። የማይባህ ስም የተጻፈበት መኪናም በ1921 የወጣው በካርል እጅ ነው። አባትየው በዲሴምበር 29 ቀን 1929 በ83 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ካንሽታት፣ ዳይምለር በተቀበረበት መካነ መቃብር ነው፤ እዚያም ተከትሎታል።

ሞተሩን ባስረከብንበት ቀን መምህራችን ሰዓታቸውን ይዘው አሥር ደቂቃ ሙሉ ጎኑ ቆሙ። በደቂቃ 1400 ዙር ገደማ ላይ ሆኖ አልተንገጫገጨም። ደጋሚው ጓደኛችን ግን እጁን ከጋዙ ለማራቅ ፈርቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት አሁንም ቾክ ካልተሳበለት አይነሳም።